አየር የሚያፈስ ላሪንጅያል ማስክ

ጥያቄ፦ በጠቅላላ ሆስፒታል የምሠራ አኔስቴቲስት ነኝ። ላሪንጅያል ማስክ (ኤልኤምኤ፣ በአፍ ገብቶ ማንቁርት ላይ የሚቀመጥ የመተንፈሻ መሣሪያ) ካስገባሁ በኋላ በታካሚው አፍ በኩል አየር ያፈሳል። ካፉ (በማስኩ ጫፍ ያለው የሚነፋው ክፍል) ላይ አየር ስጨምር ጭራሽ ይብስበታል። 60 እና 65 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰዎች 3 ቁጥር ነው የምጠቀመው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በቅድሚያ ሲሪንጁን ያስቀምጡት። ካፍ ከመጠን በላይ ሲነፋ ይደድራል፤ የደደረ ካፍ ደግሞ ከጉሮሮው ቅርጽ ጋር አይገጥምም፣ ከተቀመጠበትም ይንሸራተታል። ክላሲክ በሚባለው የኤልኤምኤ ዓይነት ለ3 ቁጥር 20፣ ለ4 ቁጥር 30 ሚሊ ሊትር የሚባለው ጣሪያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ይበቃል። መለኪያ ካለዎት የካፉ ግፊት ከ60 ሴንቲ ሜትር ውሃ አይለፍ። ናይትረስ ኦክሳይድ (ማደንዘዣ ጋዝ) ወደ ካፉ ስለሚሰርግ በቀዶ ሕክምናው መሀልም ይለኩት።

ቁጥሩም አንሷል። 3 ቁጥር ከ30 እስከ 50 ኪሎ ነው፤ ለእርስዎ ታካሚዎች 4 ቁጥር ይውሰዱ።

አገባቡ ላይ ዋናው ጥፋት ችኮላ ነው። ፕሮፖፎል (ማስተኛ መድኃኒት) በኪሎ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ከሰጡ በኋላ መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይዩ። ታካሚው ከተንቀሳቀሰ ገና ነው፤ በዚያ ሰዓት ማስገባት ሳል ወይም ላሪንጎስፓዝም (የማንቁርት ተኮማትሮ መዘጋት) ይጠራል። ካፉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጭነው አየሩን ጨርሰው ያውጡ። ጄል የሚቀባው የማስኩ ጀርባ ብቻ ነው፤ የማስኩ ፊት ላይ ያለው ጄል ማንቁርት ላይ ወርዶ ታካሚውን ያስለዋል። አንገቱን ከትራስ ላይ ከፍ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና ያድርጉ። ጠቋሚ ጣትዎን ቱቦውና ካፉ የሚገናኙበት ላይ አድርገው፣ ላንቃውን ሳይለቁ እስኪያቆምዎ ድረስ ይግፉ። ከላንቃው ከለቀቀ ጫፉ ይታጠፋል፣ ወይም ኤፒግሎቲስን (የማንቁርቱን ክዳን) ወደ ታች ይገፋል።

ሲነፉ ቱቦውን አይያዙ። በትክክል ከተቀመጠ ራሱ ትንሽ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ ጥቁሩ መስመርም ከላይኛው ከንፈር መሀል ትይዩ ይሆናል። ከዚያ ባጉን ቀስ ብለው ይጭመቁ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ውሃ አይለፉ፤ የካፕኖግራፉን (የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመስመር የሚያሳየው መሣሪያ) ቅርጽም ይመልከቱ። ኤፒግሎቲስ የታጠፈ ከመሰለዎት ካፉን ሳያስተነፍሱ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ስበው መልሰው ያስገቡት። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ቁጥር ይቀይሩ ወይም ወደ አየር ቧንቧ ወደሚገባው ቱቦ ይሂዱ፤ ሦስተኛው ሙከራ የሚያመጣው ደምና እብጠት ነው።

ማስኩ ተመላልሶ የሚሠራበት ከሆነ ደግሞ ከመጠቀምዎ በፊት ነፍተው ይዩት። በአንድ ወገን ካበጠ ወይም ቀስ እያለ ከተነፈሰ ይጣሉት። ክላሲኩ ቢበዛ 40 ጊዜ ነው በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) የሚቀቀለው፤ አውቶክሌቭ ሲገባ ካፉ ውስጥ አየር ከቀረ በሙቀቱ ተለጥጦ ይበላሻል።