የአንባቢያን ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ አጥቢ እናትን መርዳት እንዴት ይልመዱ?

ጥያቄ፦ የነርሲንግ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ጡት ማጥባት ሲፈተኑ የሚሳሳቱት ነገር የለም። አራሶች ዘንድ ስናስገባቸው ግን ገሚሶቹ የእናትየዋን ጡት ይዘው የሕፃኑን ጭንቅላት ይገፋሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ደርቀው ይቆማሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደላቸው እውቀት አይመስለኝም። ሙያው እጅን ያስለምዳል፤ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ግፊት መለካት። ስለዚህ "እርዷት" ሲባሉ የሚቀድመው እጃቸው ነው። ነርሷ ይዛ ብታጎርስላት ሕፃኑ ለጊዜው ይጠባ ይሆናል፣ ሌሊት ብቻዋን ስትቀር ግን እናትየዋ ምንም አልተማረችም። ጭንቅላቱ ሲገፋ ደግሞ ሕፃኑ ጀርባውን ወጥሮ ይሸሻል፣ ያለቅሳል፣ እሷም "ልጄ ጡቴን ጠላው" ትላለች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ እኛው ያመጣነው ነገር ነዋ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ እጃቸውን አሳርፌ ማየት ብቻ አስተምራቸዋለሁ። እናትየዋን አስፈቅደው ይቀመጡና አንድ ሙሉ ጡት የማጥባት ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከታተሉ። የሕፃኑ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር ነው? ሆዱ ወደ እናቱ ዞሯል? አፉን በሰፊው ከፍቷል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጩ ጡቷን ነክቷል? በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል? አጠባቡስ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ በኋላ ረጋ፣ ጠለቅ ይላል፣ ሲውጥ ይሰማል? ብዙዎች የሚረሱት ግን ሕፃኑ ሲለቅ ያለውን ነው። የጡቱ ጫፍ ተጨፍልቆ ከወጣ፣ ከላይ ሲታይ ያማረ ቢመስልም አጎራረሱ ልክ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ንግግር። "በደንብ እየጠባ ነው?" ስትባል እናት "አዎ" ብላ ትገላገላለች። "ሲጠባ ምን ይሰማሻል?" ስትባል ግን ታወራለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ያዘጋጁት የ40 ሰዓት የጡት ማጥባት ምክር ሥልጠናም ለማዳመጥ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት አድርጊያቸው፤ አንዷ አሻንጉሊት ይዛ እናት ትሁን፣ ረዳቷ ደግሞ በራሷ አሻንጉሊት እያሳየች በቃል ብቻ ትምራት። መንካት ግድ ከሆነ አስፈቅዳ፣ እጇን በእናትየዋ እጅ ላይ ታድርግ።

"ወተቴ አልበቃውም" የሚለውን በደንብ ተለማመዱበት፤ ተማሪ ቶሎ ብሎ ወደ ዱቄት ወተት የሚሮጠው እዚህ ጋ ነው። እንገር በመጠን ትንሽ ነው፣ ለአዲስ ሕፃን ግን ልኩ ነው። ወተቱ በብዛት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው፤ በተጠባ ቁጥርም ይመረታል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት የተለመደ ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ዳይፐር ካለ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ እየበቃው ነው። እንቅልፍ እያሸነፈው የማይጠባ ሕፃን ወይም ትኩሳትና የቀላ ጡት ያላት እናት ካዩ ግን ምክሩን ትተው ወዲያው ለባለሙያ ይንገሩ።

ፈተናውንም ቀይሪው። ምርጫ ማጥቆሩ ይቅርና ተማሪው ከመምከሩ በፊት ያየውን ይንገርሽ።

ጥያቄ፦ ወንድ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አጥብቼ አላውቅ፣ እናቶቹም ያፍሩኛል። እንዴት ልርዳ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጥባት የዚህ ሥራ መስፈርት አይደለም። እንዲያውም ያጠባች ነርስ አንዳንዴ የራሷን ልምድ ስታወራ ፊቷ ያለችውን እናት ትረሳለች። ስምህንና ተማሪ መሆንህን ንገራት፣ መጋረጃውን ዝጋ፣ ቆመህ ቁልቁል ከምታያት ተቀመጥ። ወተት በእጅ ማለብን በጡት ሞዴል ላይ አሳያት፣ እሷ በራሷ ላይ ትሞክረው። ሴት ነርስ ብትረዳኝ ካለችህ ቅር ሳትሰኝ ጥራላት።