ለጠየቅሽው እህቴ፦ በውክልና እንዳትጋቡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። እጮኛሽ ካናዳ ከገባ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) አለው። ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ለወንድሙ ውክልና ልኮ አዳማ ላይ ልትፈራረሙ፣ ከዚያ ስፖንሰር ሆኖ ወደ ካናዳ ሊወስድሽ አስባችኋል። «ከየት እንጀምር? ምን ያህል ጊዜስ ይፈጃል?» ነው ያልሽው። የጊዜውን ነገር ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ያ ውክልና ይቅር።

ካናዳ ከጁን 11 ቀን 2015 ወዲህ ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ ለስፖንሰር አትቀበልም። በውክልናም ይሁን በስልክ ወይም በኢንተርኔት፣ መልሱ አንድ ነው። የእኛም የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ቢሆን ተጋቢዎቹ ራሳቸው እንዲገኙ ነው የሚያዘው። ውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያምንበት ብቻ ነው። ደላሎቹ ግን ይህን አይነግሩሽም። የአክስቴን ልጅ ፖስታ ቤት አካባቢ ያገኘችው ጉዳይ አስፈጻሚ «ማኅተም እስካለው ድረስ ምን ችግር አለው» ብሎ አስፈረማት። ገንዘቡን ተቀበለ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ስልኩን ዘጋ። እሷና ባሏ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነባቸው። ዛሬም ያንን ሰውዬ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ፦

1. እሱ ይምጣ። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ይምጣ። ቲኬቱን፣ ፓስፖርቱ ላይ የተመታውን የመግቢያና የመውጫ ማኅተም፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ ሁሉንም አስቀምጡ። ፎቶው የስቱዲዮ ብቻ እንዳይሆን። ሽማግሌዎቹ፣ እናትሽ፣ የእሱ ቤተሰብ አንድ ላይ ያሉበት ፎቶ የበለጠ ይናገራል። የሐዋላ ደረሰኝና የስልክ ጥሪ ዝርዝርም ከአሁኑ ሰብስቢ። አይኤምኤም 5532 የሚባለው ፎርም እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን ያውቃችኋል፣ ሠርጉ ላይ ማን ነበር እያለ ነው የሚጠይቀው። ማመልከቻውን የሚያየው የካናዳ ኢሚግሬሽን መኮንን የሚፈልገው ትዳሩ ለወረቀት ሲባል የተደረገ አለመሆኑን ነው።

2. የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን። እዚህ ጋ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ እኔ ያለቅኩት እዚህ ላይ ነው።

እኛ የተጋባነው ጥር 15 ቀን 2014 ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23፣ 2022 ማለት ነው። ወረቀቱን የጻፈልን ሰው በእንግሊዝኛው መስመር ላይ የእኛኑ ቀን እንዳለ ገለበጠውና 15/05/2014 አለው። ካናዳ ያለ መኮንን ይህን ሲያይ ምን ብሎ ያነባል? ሜይ 15፣ 2014። ባለቤቴ ደግሞ ከሱዳን በስደተኝነት ካናዳ የገባው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ሲገባ ፎርሙ ላይ «ያላገባ» ብሎ ነው የሞላው። እውነትም አላገባም፤ ገና አንተዋወቅም ነበር። በዚያ ወረቀት ሲታይ ግን ሚስት እያለው ደብቆ የገባ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። አንድ ሰው ፒአር ሲቀበል ያላሳወቀውን ሚስት ወይም ልጅ በኋላ በቤተሰብ መደብ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። በፈረንጆቹ 2019 ለአንዳንዶች፣ በተለይ በስደተኝነት ለገቡ፣ ልዩ ፖሊሲ ወጥቶ ትንሽ በር ተከፍቷል። እኛ ግን ምንም ሳንደብቅ ለምን በዚያ በር እንለፍ? የአንድ ጸሐፊ ግድ የለሽነት ትዳራችንን ሊበላው ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደዚያው ቢሮ ተመለስኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ያው ነው፣ ቀን ቀን ነው» አለኝ። የፈረንጆቹ አቆጣጠር የተለየ እንደሆነ ሳስረዳው «ካናዳ እኛን አታዘንም» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ከዚያ በኋላ ያው የምታውቂው ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ። ጠዋት ከሰፈሬ ከፍራንኮ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ለምሳ ሲዘጉ እመለሳለሁ። አንድ ቀን «ለምን ደህና አገር ሄደሽ አትጋቢም ነበር» ያለኝን አልረሳውም። በአገሬ፣ በተወለድኩበት ከተማ፣ በሕግ ስለተጋባሁ ነው እንዲህ የምባለው!

የፈታው ምን መሰለሽ? በቃል መለመን አቆምኩ። ማመልከቻ ጻፍኩ። የሁለታችንን ፓስፖርት ኮፒ፣ እሱ ለሠርጉ አገር ቤት የገባበትን ማኅተምና የሠርግ ጥሪውን አያያዝኩ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቁጥርና ቀን አስመታሁበት፤ ኮፒውን ለራሴ አስቀረሁ። በወረቀት የገባን ነገር «አላየሁም» ማለት አይቻልም። መዝገብ ቤት ያሉ አንዲት እናት ራሳቸው ይዘውት ኃላፊው ጋ ገቡ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የታረመው ወረቀት ወጣ። አንቺ ግን እንደኔ አትመለሺ። ከመስኮቱ ሳትነሺ ቀኑን በእንግሊዝኛ አንብቢው፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲጽፉት ጠይቂ።

3. የዐሥር ዓመት ታሪክ። አይኤምኤም 5669 የሚባለው ፎርም ላይ ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ወር በወር ትሞያለሽ። ክፍተት አይፈልጉም። ሥራ ያልነበረሽ ጊዜ ካለ «ሥራ አልነበረኝም» ብለሽ ጻፊ እንጂ አትዝለዪው፤ ያልተሟላ ማመልከቻ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ወረፋሽም አብሮ ይሄዳል። አንቺም እንደ ብዙዎቻችን ዓረብ አገር ሠርተሽ ከሆነ አትደብቂው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ፣ ከ18 ዓመትሽ ወዲህ፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖርሽበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። እኔ ዱባይ ስለነበርኩ የዚያን ማስረጃ ማግኘቱ ከአገር ቤቱ በላይ አደከመኝ። ስለዚህ እሱን ዛሬውኑ ጀምሪ። ላገኘው አልቻልኩም የምትይ ከሆነም የሞከርሽበትን ማስረጃና የማብራሪያ ደብዳቤ አያይዢ።

ልጅ ካለሽ፣ ከአንቺ ጋር የማይሄድ ቢሆንም፣ አባቱ ጋ ቢያድግም፣ አስመዝግቢው። ባለቤቴን ሊነካው የነበረው ሕግ ነገ አንቺንም ይመለከታል፤ ዛሬ ያልጻፍሽውን ልጅ በኋላ ልውሰድ ብትዪ አይሆንም።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ሰው ከጥያቄሽ ሥር «እጮኛሽ ባንክ ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ማሳየት አለበት» ብሎ ጽፏል። ልክ አይደለም። ለትዳር ጓደኛ የተቀመጠ ዝቅተኛ ገቢ በአብዛኛው የለም። እሱ የሚፈርመው ለሦስት ዓመት ሊያኖርሽ ግዴታ መግባቱን ነው። ከመንግሥት ድጎማ እየተቀበለ ከሆነ ግን፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ስፖንሰር መሆን አይችልም። ፒአር ብቻ ስላለውም ማመልከቻው ሲታይ እዚያው ካናዳ መኖር አለበት፤ አንቺ ጋ መጥቶ እዚህ ይቆይ የሚለውን እቅድ ተዉት። ኩቤክ ከሆነ የሚኖረው የራሳቸው ተጨማሪ አሠራር አላቸው። ከክፍያዎቹ ውስጥ የፒአር መብት የሚባለው እኛ ስንከፍል 575 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ካልተሳካ እሱ ይመለሳል። አሻራው 85 ነው።

አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ በጠዋት በፈጣን መንገዱ ሄደሽ ትመለሻለሽ። ሜዲካል (የጤና ምርመራ) ግን ሂጂ የሚል ደብዳቤ ሳይደርስሽ እንዳትሄጂ። ውጤቱ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፤ እነሱ ከሰየሟቸው ሐኪሞች ውጭም አይቀበሉም። ጎረቤቴ ቀድማ በግል ክሊኒክ ከፍላ ተመርምራ ነበር፤ ገንዘቧ ቀረ።

እኛ ያለ ደላላና ያለ ጠበቃ ጨረስን። እሱ እዚያ ከሥራ መልስ፣ እኔ እዚህ ማታ ማታ በስልክ እየተነጋገርን እያንዳንዱን መስመር ራሳችን ሞላን። ባለፈው ወር የመጨረሻው ማረጋገጫ ደረሰኝ፤ እኮራበታለሁ። አንቺም ትችያለሽ። ወረቀትሽ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ብቻ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሚ፤ ከመክፈልሽ በፊት ስምሽን ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይው። የእርማት ማመልከቻዬን ኮፒ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስማችንን ሸፍኜ እልክልሻለሁ።