ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጥርሴን እስክወልድ ልታገሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያውን ሳረግዝ አንድ መንጋጋዬ ተቦርቡሮ፣ ከወለድኩ በኋላ ተነቀለ። አሁን ደግሞ ሌላው ጀምሮኛል፤ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል፣ ስቦርሽ ድዴ ይደማል። አማቴ «ልጅ ከእናቱ ጥርስ ነው የሚወስደው፣ ቻይው» ይሉኛል። ክሊኒክ ብሄድ «ሳትወልጂ አንነካውም» አሉኝ። እውነት መጠበቅ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ። እንዲያውም ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለጥርስ ሕክምና በጣም የሚመች ነው። ማቅለሽለሹ ጋብ ብሏል፣ ሆድሽም ገና ወንበር ላይ መንጋለል እስኪያቅትሽ አልገፋም። የሚያምና ኢንፌክሽን ያለው ጥርስ ደግሞ ወር አይመረጥለትም። መሙላትም፣ መንቀልም፣ ማጠብም ይቻላል። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። ራጅ ካስፈለገም መከላከያውን ለብሰሽ ትነሻለሽ፤ የጥርስ ራጅ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፣ የሚያነጣጥረውም አፍሽ ላይ እንጂ ሆድሽ ላይ አይደለም።

«ሳትወልጂ አንነካውም» የሚለው መልስ ያናድደኛል። ዛሬ በመሙላት ሊድን የሚችል ጥርስ ዘጠነኛ ወር ላይ ከመነቀል በቀር ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ከወለድሽ በኋላስ? አራስ ቤት፣ ጡት ማጥባት፣ ልጁን ማን ይያዝልኝ፣ እንዲህ እየተባለ ዓመት ይሞላል። የመጀመሪያው መንጋጋሽም የሄደው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

አማትሽ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ በየእርግዝናው ጥርስ ሲወልቅ አይተዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ጽንሱ ካልሲየም የሚያገኘው ከምትበይው ምግብ ነው፣ ካነሰውም ከአጥንትሽ ይወስዳል። ከጥርስሽ ግን አይወስድም።

ጥርስን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። በእርግዝና ሆርሞን ሲጨምር ድድ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይደማል። ከሁለተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ስምንተኛው እየባሰ ይሄዳል። ብዙ ሴቶች ደሙን ፈርተው መቦረሽ ይተዋሉ፤ ያኔ ቆሻሻው ይከማችና ድዱ ጭራሽ ይብስበታል። ስለዚህ ቢደማም ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሺ። መፋቂያ ከለመድሽም ድድሽን እንዳይወጋ ጫፉን በደንብ አኝከሽ አለስልሺው፣ ማታ ግን ብሩሹ አይቅር።

ካስመለሰሽ ደግሞ ወዲያው አትቦርሺ። የሆድ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው። ከሌለ ንጹህ ውሃም ይሆናል። ብሩሹ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቆይ። አምሮትም አለ፣ አውቃለሁ፤ ግን ብስኩቱንና ለስላሳውን ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ከመቅመስ ከምግብ ጋር አንዴ ወስደሽ ብትጨርሺው ለጥርስሽ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ፋርማሲ ጎራ ብሎ «የጥርስ ስጠኝ» ማለትን ነው። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን እንዳትወስጂ። የልጅሽ የወተት ጥርሶች ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ሆድሽ ውስጥ እየጠነከሩ ነው፤ ቴትራሳይክሊን እዚያ ይገባና ቢቦርሹት የማይለቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያስቀራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ይቅሩብሽ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ፣ አንቺ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነሽ። ለሕመሙ እስክትታከሚ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ በትንሹ መጠንና ለአጭር ጊዜ። ኢንፌክሽን ካለ ሐኪሙ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ያዝልሻል። ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። አረቄ መያዝ ግን በፍጹም።

ፊትሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። በእናንተ በኩል አቃቂ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ።

እስከዚያው ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ለአዋላጇ ጥርስሽን ንገሪያት፣ የጥርስ ሐኪም ያለበት ቦታ ሪፈር ትጻፍልሽ። የክትትል ካርድሽንና የምትወስጃቸውን ኪኒኖች ይዘሽ ሂጂ። ወንበሩ ላይ ስትጋደሚ ወደ ግራ ጎንሽ ትንሽ ዘንበል በይ፤ በጀርባ ብቻ ከተንጋለልሽ ማህፀንሽ ትልቁን ደም ስር ተጭኖ ሊያዞርሽ ይችላል። ካዞረሽ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሪው፣ ያስነሳሻል።