ምኩራብ ለምትሄዱ ልጆች፦ ጫማችሁን አታውልቁ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሕር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ የማንንም ጥያቄ የምመልስ ሰው ሆኛለሁ። ድሮ የምትጠይቁኝ ስለ ቦይና ስለ ግድብ ነበር። ሰሞኑን ግን ሦስታችሁ የተመካከራችሁ ይመስል በአንድ ነገር መጣችሁብኝ። አንዷ የአያቷ ወገን ቤተ እስራኤል፣ ማለት የአገራችን አይሁድ፣ መሆኑን በቅርቡ ሰምታ ጎንደር ያለውን ምኩራብ ልታይ አስባለች። አንዱ ውጭ አገር እየተማረ ነው፣ አይሁዳዊ ጓደኛው ለቅዳሜ ጸሎት ጋብዞታል። የሦስተኛው የልብ ጉዳይ ስለሆነ እተወዋለሁ። የሁላችሁም ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ "ስንገባ ምን ይጠብቀናል?"

እኔ የመስኖ ባለሙያ እንጂ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ክርስቲያን ነኝ፣ ያደግሁትም ከቢቸና ወረድ ብሎ በዲማ ጊዮርጊስ ጥላ ሥር ነው። ግን ያኔ ጎልማሳ ሳለሁ ለአጭር ሥልጠና እስራኤል አገር ረሆቮት ተልኬ ነበር፤ እዚያ ምኩራብ ገብቼ፣ ተሳስቼ፣ አፍሬ የተማርኩት አለ። ኋላ ደግሞ የእህቴ ልጅ ወደ እምነቱ ስትገባ ውጣ ውረዱን ከሩቅም ቢሆን ተከታትያለሁ። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ረሆቮት ውስጥ ከጎንደር የሄዱ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር አለ። በርበሬ ፍለጋ ስዞር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ። ጎጃሜ መሆኔን በአነጋገሬ ለይተው ሳቁብኝና "አርብ ማታ ና፣ አብረን ጸሎት እንገባለን" አሉኝ። ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ እንዳደግሁበት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። አንዱን አውልቄ ሁለተኛውን ስፈታ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ተው ልጄ፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው። እኛም አገር ቤት ሳለን መስጊዳችን የምንገባው አውልቀን ነበር። እዚህ መጥተን ነው የለመድነው።" (መስጊድ ሲሉ የእስላሙን ማለታቸው አይደለም፤ ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን እንዲሁ ይሉታል።) እኔ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ካልሲ ቆሜ ነው ይህን የምሰማው። ሰው እያለፈኝ ይገባል። ደግነቱ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በጫማ ይገባል፣ ራስ ግን ይሸፈናል። እኛ ወንዶች ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ባርኔጣ እናወልቃለን፣ እዚያ የተገላቢጦሽ ነው። በሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ለእንግዳ የተቀመጠ ኪፓ የሚባል ትንሽ ቆብ አለ፣ አንሥታችሁ አናታችሁ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ጣሊት የሚባለውን ዘርፍ ያለው የጸሎት ልብስ ግን ነጠላ መስሏችሁ እንዳትለብሱ። እሱ የእነሱ ነው። ለሴት ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ይበቃል፤ በጥንቱ ሥርዓት በሚሄዱት ዘንድ ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሚቀመጡ ከእህትህ ጋር ብትሄድ በር ላይ ትለያያላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉ ወይም ጋባዣችሁ ያሳውቅላችሁ። በር ላይ ጥበቃ ይኖራል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፣ "ማነህ? ማን ጋበዘህ?" ትባላላችሁ። አትቀየሙ። ምኩራቦች ላይ ጥቃት ስለደረሰ ነው፣ እናንተን ስለጠሉ አይደለም።

ውስጥ ስትገቡ የሚያስጨንቃችሁ ነገር የት እንደደረሱ አለማወቅ ነው። መጽሐፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለጣል። አንዱ ጮክ ይላል፣ ሌላው ለራሱ ያንበለብላል፣ ድንገት ሁሉም ይነሣል፣ ድንገት ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ጊዜ እያንዳንዱ ቆሞ ለብቻው ስለሚጸልይ "ሰላም ነው ወይ" እያላችሁ እንዳትዞሩ። ሲነሡ ተነሡ፣ ሲቀመጡ ተቀመጡ፣ በቃ። ቅኔ ሊቆጥር ዲማ የሚመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቅኔ አይዘርፍም፤ ጥግ ይዞ ይሰማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የሰውን ጠባይ ያጠናል። እንደዚያ ነው። አለማወቃችሁ አያሳፍርም፣ የሚያውቅ መምሰል ነው የሚያሳፍረው።

እኔ ይህን ስላላወቅሁ በማግስቱ ቅዳሜ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። የባለሙያ አባዜ ሆኖብኝ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምንም ሳይናገር እጁን እስክሪብቶዬ ላይ አሳረፈ። ቀስ ብሎ፣ ልክ የሕፃን እጅ እንደሚይዝ። ለካ በሰንበት መጻፍም ሥራ ነው። ስልክ መነካካት፣ ፎቶ ማንሣት፣ መብራት ማብራትና ማጥፋት ሁሉ እዚያው ውስጥ ይገባል። ገንዘብም አይነካም፤ እኛ የለመድነው ሙዳየ ምጽዋት በዚያ ቀን የለም፣ መስጠት ያማራችሁ እንደሆነ በሌላ ቀን ስጡ።

ከጸሎት በኋላ ያ ሰውዬ ራሱ ነገሩን አስረዳኝ። በሰንበት የተከለከሉት የሥራ ዓይነቶች 39 ናቸው። ዝርዝሩን ሲጀምርልኝ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ፦ መዝራት፣ ማረስ፣ ማጨድ፣ ነዶ ማሰር፣ መውቃት፣ ማናፈስ፣ መልቀም፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ ማቡካት፣ መጋገር። ይሄማ የእናቴና የአባቴ ዓመት ነው! ከማሳ እስከ ምጣድ። "መዝራት እንዴት ከማረስ ቀደመ?" አልኩት። የጥንት ሊቆቻቸውም ይህንኑ ጠይቀው "በእስራኤል ምድር ከተዘራ በኋላም ይታረሳል" ብለው መልሰዋል አለኝ። እኔ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ስንዴና ገብስ በትኖ መልሶ በበሬ የሚያለብስ ገበሬ ልጅ ነኝ። ሥልጠናውን የጨረስኩ ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ልቤን የነካው ኦሪቱ ነው። ከታቦቱ፣ ማለት ከሚቀመጥበት ሣጥን ሲወጣ ሁሉም ይቆማል። ብራና ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ የፍየል ቆዳ ወጥረው ሲፍቁ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ ሽታውን ገና ከሩቅ አወቅሁት። ሲያነቡ ጣታቸው እንዳይነካው በትንሽ ዘንግ ይጠቁማሉ። አንዲት ፊደል ከተበላሸች እስክትታረም ድረስ በዚያ ጥቅልል አይነበብም። አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በየሳምንቱ እየከፈሉ በዓመት ይጨርሱና እንደገና ከ"በመጀመሪያ" ይጀምራሉ። ለንባቡ ሰው በስም ይጠራል፣ አይሁዳዊ ያልሆነ እንግዳ ግን አይጠራም። ለሙሉ ጸሎት አሥር ሰው ያስፈልጋል፣ በጥንቱ ሥርዓት አሥር ወንድ። ዘጠኝ ሆነው እናንተ አሥረኛ ብትመጡ እንኳ አትቆጠሩም፤ አሥረኛውን ይጠብቃሉ።

ይህቺን መቀበል ትከብዳለች፣ አልደብቃችሁም። እኔን የከፋኝ ወይኑ ላይ ነው። ከጸሎት በኋላ ወይንና እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ ተባርኮ ይቀርባል። ታናሽ ሆኜ ሽማግሌ እያለ ቁጭ ልበል? ተነሥቼ ጠርሙሱን ይዤ ልቅዳ ስል "ተው፣ አንተ እንግዳ ነህ" ተባልኩ። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር፣ ግን ገባኝ። ጥንቁቆቹ ዘንድ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የቀዳውን ወይን አይጠጡም፤ ጥንት ለጣዖት ከሚፈስ ወይን ለመራቅ የወጣ ሕግ ነው። ያን ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ እያሰብኩ ሄድኩ፤ እኛስ? ማረሻ የሚቀጠቅጥልንን፣ ገንቦ የምትሠራልንን ሰው ቀን ቀን እየገዛናቸው ማታ "ቡዳ ናቸው" እያልን በራቸውን እየሸሸን አላደግንም ወይ? እነሱ ቢያንስ ምክንያቱን ነገሩኝ። ስለዚህ ልጆች፣ ከመግባታችሁ በፊት ከሠፈር የሰማችሁትን ተረት እዚያው ጣሉት። "ፈላሻ" የሚለውን ቃልም እንዲሁ፤ እነሱን የሚያስከፋ ስድብ ነው። ቤተ እስራኤል በሉ።

እንግድነቱ ቀላል ነው። አባል መሆን ግን ሌላ ታሪክ ነው። የአይሁድ እምነት ሰው አይሰብክም። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ስትጠይቅ ረቢው ያላት "ምን አስቸገረሽ? በያዝሽው ጥሩ ሰው ሁነሽ ኑሪ" ነው። አለቀሰች። እኔ ግን የገባኝ መሰለኝ፤ ቅኔ ቤትም መምህሩ አዲስ መጪን ዝም ብለው ያዩታል፣ የሚቆይ ከሆነ ይቆያል። እሷ ቆየች። ሰንበት ማክበር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሥጋና ወተት መለየት፣ በዓላቱን አንድ በአንድ መኖር፤ ፈተናው በወረቀት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ሦስት ዳኞች ፊት ቀረበች፣ ውሃ ውስጥ ጠለቀች፣ የአብርሃምና የሣራ ልጅ የሚል ስም ተሰጣት። እናቷ ስትሰማ "ታዲያ ወለተ አብርሃም ማለት አይደል?" ብላ ተጽናናች። ወንድ ይገረዛል፤ እንደኛ በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ከሆነ አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ይወሰዳል። የልብ ጉዳይ ያለህ ልጅ፣ አንድ ነገር ቀድመህ አጣራ፦ በአንዱ ወገን ረቢ የተደረገውን ሌላው ወገን ላይቀበለው ይችላል። ሁለት ዓመት ደክመህ ይህን ስትሰማ ይመርራል።

አንቺ የጎንደሯ ደግሞ፣ የአንቺ መንገድ ይለያል። ከአያት የመጣ ነገር ነው፣ ቢሆንም ይጠይቁሻል፣ የማን ልጅ ነሽ ይሉሻል። ከዚያ በፊት የሄዱትም ተጠይቀዋል። በ1977 በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡትን የእስራኤል የሃይማኖት ባለሥልጣናት እንደገና ወደ እምነቱ የመግቢያ ሥርዓት ፈጽሙ ሲሏቸው፣ በ1978 መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ውስጥ ወር ያህል በባለሥልጣናቱ ደጅ ተቀምጠው ተቃወሙ። በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተወሰደ። ጎንደር ውስጥ ከዚያ ወዲህ ቤት ንብረታቸውን ትተው ከገጠር መጥተው ዓመታት የጠበቁ ሰዎች አሉ። ተስፋቸውን አትናቂ፣ አንቺ ግን ለአውሮፕላን ብለሽ አትግቢ። ጸሎቱን ከወደድሽው ሂጂ። ከቻልሽ ስግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል እንዳያመልጥሽ፤ ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜ ኅዳር ላይ ይውላል። እኔ ኢየሩሳሌም አይቼዋለሁ፤ የቤተ እስራኤል ቄሶች ባለቀለም ጃንጥላ ይዘው ኦሪቱን ሲያነቡ ቋንቋው ግዕዝ ነበር። ከአገሬ ወጥቼ፣ አይሁድ መሃል ቆሜ፣ የዲማን ቋንቋ ሰማሁ። እንባዬ መጣ።

ነጠላ ልልበስ ወይ ብለሻል። ልበሺ። ሰንበት የሚገባው አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ሰው የሚያመሸው ያን ቀን አይደለም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ሁኚ፣ ስልክሽን ቤት ትተሽ።