አራተኛውን ኢኮ እንዳትነሺ

እህቴ፣ «ሌሊት ልቤ እየመታ ያስነሳኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼን ይደነዝዘኛል፤ ሦስት ጊዜ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቼ ንጹሕ ነሽ ተባልኩ፤ ሌላ ቦታ ልሞክር ወይ?» ያልሽውን ሳነብ እንባዬ መጣ። የኔው ታሪክ ነው። አትሞክሪ።

1. ልብ አንዴ በደንብ ይታያል፣ በቃ። ከሱ ጋር የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጊ። ታይሮይዱን (የአንገት ዕጢውን) እንዳትዘልዪው፤ የሱም ሆርሞን ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። እኔ የጠፋሁት ሁሉም ንጹሕ ከተባለ በኋላ ነው። ውጤቱን ይዤ ስወጣ አራት አምስት ቀን እፎይ እላለሁ። ከዚያ «ማሽኑ ተሳስቶስ ቢሆን?» ይመጣል፤ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ካርድ። መሀል ላይ ጨጓራ ነው ተብዬ የባክቴሪያውን መድኃኒት ሁለት ዙር ዋጥኩ። በ2014 ዓ.ም. ለልጄ ትምህርት ቤት ያሰብኩት የዕቁብ ብር በዚሁ አለቀ። ከብሩ በላይ የሚቆጨኝ፣ ምርመራው ራሱ ፍርሃቴን እየቀለበው እንደነበር አንድም ሰው አለመንገሩ ነው።

2. የሚያዳምጥ ሐኪም ፈልጊ። ሦስተኛውን ኢኮ ያየልኝ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምንም የለብሽም፤ ሥራ ስለፈታሽ ነው» አለኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ተረኞቹ ይሰማሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ቆሜ ሁለት ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልብሽ ጤነኛ ነው ማለትና ምንም የለብሽም ማለት ለየቅል ናቸው።

ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን ያስረዳችኝ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ናት። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ከስድስት ወር በላይ ስለ ሁሉም ነገር መጨነቅ፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከትከሻ መጨምደድ ጋር፣ የጭንቀት ሕመም የሚባል ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው አለችኝ። እሷ ዘንድ ለመሄድ ግን ስምንት ወር አመንትቻለሁ፤ ሰፈሩ «አማኑኤል ገባች» ይለኛል ብዬ።

ሰርትራሊን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት አዘዘችልኝ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ስላላየሁ ልተወው ነበር፤ የተሻለኝ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሲሻለኝ ደግሞ ጠበል ገባሁ ብዬ በአንድ ቀን አቆምኩትና ማዞሩም ፍርሃቱም ተመለሰብኝ። አሁን ጠበሉንም ኪኒኑንም ይዣለሁ፤ ማቆም ሲያስፈልግ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ጎረቤት «ያስተኛሻል» ብላ ዳያዜፓም ብትሰጥሽ አትቀበዪ፤ ሱስ ያስይዛል። ቡናም ከአቦል አላልፍም፤ ቶናና በረካውን ትቻለሁ።

ደረትሽን የሚጨንቅሽ ዳገት ስትወጪ ከሆነ፣ ወደ ክንድሽ ከሄደ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን የኔን ምክር ተዪውና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ልቤ ተነሣብኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አየሩን በሆዴ በዝግታ ሳብኩ፣ ከሳብኩት አስረዝሜ አወጣሁ፤ ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ተመልሼ ተኛሁ። የት ከተማ እንዳለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ የመጀመሪያ ቀን አብሬሽ እሄዳለሁ።