መድኃኒቱን ተወውና ውሃውን ቀይር

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ገንዳ ሠርቼ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት አስገባሁ። አንዳንዶቹ ላይ ነጭ ነገር ስላየሁ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቼ ውሃው ውስጥ ጨመርኩ። የማጣሪያውንም ጠጠር በደንብ አጠብኩ። አሁን ጭራሽ ባሰባቸው። ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከሰዓት ላይ ይብሳል። አምስት ሞቱብኝ። ፓምፑ ይሠራል፣ መኖም አላጓደልኩም። ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ ንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት አልነግርህም። ከያዝከው የተረፈ ካለም ወደ ገንዳው እንዳትጨምረው። እንደ ጻፍከው ከሆነ አሁን ዓሦችህን የሚገድላቸው ያ ነጭ ነገር አይመስለኝም። አሞኒያ ነው።

ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሰው ሁሉ «አየር አጠረው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የኦክስጅን እጥረት ግን የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው። ያንተ የሚብሰው ከሰዓት ነው፣ ፓምፑም አልቆመም። አሞኒያ ደግሞ ውሃው ሲሞቅና ፒኤቹ (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚያሳየው ቁጥር) ሲጨምር መርዝነቱ ይበረታል። 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ፣ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 ከመቶ ይጠጋል፣ 9 ሲሆን ከሲሶው ያልፋል። የሸዋ ሮቢትን የከሰዓት ሙቀት ለአንተ መንገር አያስፈልግም። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳም ኖራ ስለሚለቅ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ዓሦችህ የሚጨነቁት።

አሞኒያው የሚመጣው ከዓሣው ከራሱ ነው። የበላውን ፕሮቲን ተጠቅሞ የቀረውን በስንጥቡ በኩል፣ ማለትም ጉንጩ ሥር ባለው ቀይ መተንፈሻ፣ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ሳይበላ የወደቀ መኖም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። ፋጉሎ ያለበት 1 ኪሎ መኖ 30 ግራም ገደማ አሞኒያ ይወጣዋል። በቀን 100 ግራም ብቻ ብትሰጥ እንኳ 3 ግራም ነው። ያንተ ገንዳ 2,000 ሊትር ስለሚይዝ በየቀኑ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ይጨመራል ማለት ነው። ይህ ትንሽ አይደለም።

በደህናው ጊዜ ይህን ቆሻሻ የሚያጸዱልህ በጠጠሩና በገንዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላኛው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው፤ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም፣ ሁሉንም ያዳክማል። «በደንብ አጠብኩ» ያልከው በበረኪና ወይም በሳሙና ከሆነ ደግሞ የተረፉትንም ጨርሰሃቸዋል። መኖው ግን እንዳለ ቀጥሏል።

አሁን የምታደርገው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ የውሃ ጎማ፣ ሦስት በርሜልና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያ መኖ ለሦስት ቀን አቁም። ጨከንክ አትበል፤ ጣት የሚያህል ቆሮሶ ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም፤ በአሞኒያ ግን ይሞታል።

በእነዚሁ ሦስት ቀናት በየቀኑ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ከገንዳው ውሃ ሲሶውን ቀይር። ያንተ ገንዳ 1 ሜትር ጥልቀት ስላለው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ዝቅ ሲል ይበቃል። ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርግበት። ውሃውን ከላይ በባልዲ አትቅዳ። ቆሻሻው ያለው ሥር ነውና ከሥር ነው መውጣት ያለበት። ጎማውን ከዱላ ጋር እሰረው፣ ውስጡን ውሃ ሙላውና የውጩን ጫፍ በአውራ ጣትህ ድፈን። ሌላውን ጫፍ ወለሉ ድረስ ስደድና ከገንዳው ሥር ዝቅ ባለ ቦታ አውራ ጣትህን ልቀቅ። በአፍህ አትሳበው፣ መድኃኒት ያለበት ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር፣ የሚሸት ዝቃጭ ይሆናል። ዱላውን ቀስ እያደረግህ ማዕዘን ማዕዘኑን አዳርሰው፤ መኖ የሚከማቸው እዚያ ነው።

የምትተካው ውሃ የቦኖ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በርሜል ውስጥ ክፍቱን ይደር። ክሎሪን ስንጥባቸውን ያቃጥላል፣ ሊያንሰራሩ ያሉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ከፍ አድርገህ እያንቆረቆርክ ጨምር፣ አየር ይያዝ። ስትጨምረው ከገንዳው ውሃ ጋር ሙቀቱ ተቀራራቢ ይሁን።

«ለምን ሁሉንም በአንድ ቀን አልቀይረውም?» ትለኝ ይሆናል። አይሆንም። የሙቀትና የፒኤች ድንገተኛ ለውጥ በሕይወት ያሉትን ሊጨርስብህ ይችላል። በየቀኑ ሲሶ ብትቀይር፣ መኖውንም ካቆምክ፣ በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ከነበረው ከሲሶ በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ሩቡን ቀይር። መኖውን ከቀድሞው በግማሽ ጀምር፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጣቸው። ባክቴሪያዎቹ እስኪመለሱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዓሣው ደህና ከሆነለት ሰው ገንዳ እፍኝ ጠጠር ብታገኝ ግን ቶሎ ይመለሳሉ። ከእንግዲህ ጠጠሩን የምታጥበው ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ለቅለቅ በማድረግ ብቻ ነው።

ጨውም ያግዝሃል። 2 ኪሎ ተራ ጨው በባልዲ አሟሟና ቀስ እያልክ ገንዳው ውስጥ አዙር። ባክቴሪያው ሲመለስ መጀመሪያ የሚበዛው ናይትራይት ነው፤ እሱም የዓሣውን ደም ቡኒ ያደርገዋል። ጨው ከዚህ ይከላከላል። ሲሶውን ውሃ ስትቀይር የወጣውን ጨውም ተካ፣ 650 ግራም ያህል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ አንተን ብቻ አይደለም። ዶሮ ሲያስነጥስ ያ የኦክሲቴትራሳይክሊን ቢጫ ዱቄት፣ ጥጃ ሲያስቀምጠው ያ ቢጫ ዱቄት፣ አሁን ደግሞ ዓሣ ሲታመም ያው ቢጫ ዱቄት። ምን እንደያዘው ሳይታወቅ መድኃኒት መበተን ልማድ ሆነብን። ኦክሲቴትራሳይክሊን ካልሲየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ኃይሉ ይያዛል፣ ፀሐይም ያበላሸዋል። ሻጋታን ደግሞ ፈጽሞ አይነካም። ጫጩቶቹን ከሰበታ አምጥተህ ከሆነ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ በፌስታል ወርደው፣ በመረብ ተጎትተው ነው የገቡት። ያየኸው ነጭ ነገር በተላጠው ቆዳ ላይ የያዘ ሻጋታ ይመስለኛል። ለእሱ ንጹሕ ውሃና ያው ጨው ይበቃዋል።

የምታወጣውን ውሃ ለሳምንት ያህል በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ አታፍስስ፣ ወደ ሮቢ ወንዝም አትልቀቀው። ዛፍ ሥር ይሂድ። ዓሦቹንም መድኃኒቱ ከቆመ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላው ለምግብ አታውጣ፣ አትሽጥም።

ከሦስት ቀን በኋላ አሁንም የሚሞት ካለ፣ አንዱን ወዲያው እንደ ሞተ ጉንጩን ገልጠህ ስንጥቡን እይ። ቀይ ነው? ቡኒ ነው? ወይስ ነጭ ዝልግልግ ይዞታል? እሱንና የውሃውን ምንጭ ጻፍልኝ፤ ከወረዳህ የእንስሳት ባለሙያ ጋርም አብራችሁ ብታዩት ጥሩ ነው።