የሰንሰለቱ ጫፍ ቀጣዩን እንዴት ይመርጣል?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስታይሪንንና ሜቲል ሜታክሪሌትን እኩል ለእኩል ቀላቅለን ኮፖሊመር (ከሁለት ዓይነት ትናንሽ ሞለኪውሎች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት) ብንሠራ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ የሚደረደሩት ሳንቲም እንደ መወርወር በዕድል ነው? ከሆነስ መምህራችን 0.52 እና 0.46 የሚሉ ቁጥሮችን ሰሌዳ ላይ የጻፉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕድል አለበት፤ የሳንቲም ዕድል ግን አይደለም። ሸማኔ የጥለቱን ቀለም ቆጥሮ ይጥላል፤ እዚህ ቆጣሪ የለም፣ ይሁን እንጂ በማደግ ላይ ባለው ጫፍ መጨረሻ ላይ የገባው ሞኖመር (ሰንሰለቱ የሚቀጣጠልበት ትንሽ ሞለኪውል) የትኛው እንደሆነ ለቀጣዩ ምርጫ ወሳኝ ነው። ኬሚስቶቹ ማዮና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያቀረቡት ስሌት በዚህ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የሂሳብ ሰዎች የመጀመሪያ ደረጃ የማርኮቭ ሰንሰለት፣ ማለትም የቀጣዩ ዕድል በመጨረሻው ብቻ የሚወሰንበት ተከታታይ፣ ይሉታል።

መምህርዎ የጻፉት 0.52፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በስታይሪን ያበቃ ጫፍ ሌላ ስታይሪን የሚቀበልበት የፍጥነት ቋሚ ለሜቲል ሜታክሪሌት ካለው ቋሚ ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ውጤት ነው፤ 0.46ም የሌላኛው ጫፍ ተመሳሳይ ንጽጽር ነው። ድብልቁ እኩል ከሆነ፣ ከስታይሪን ቀጥሎ ስታይሪን የመግባቱ ዕድል 0.52 ለ1.52 ሲካፈል፣ ማለትም 0.34 ገደማ ነው። ስለዚህ ሳይቋረጥ የሚደረደር የስታይሪን ረድፍ በአማካይ 1.52 ብቻ ይረዝማል፤ በሳንቲም ቢሆን 2 በሆነ ነበር። አራትና ከዚያ በላይ ስታይሪን ያለው ረድፍ በሳንቲም ከ8 አንዱ ሲሆን፣ እዚህ ከ25 አንዱ ያህል ነው። የሚያስደንቀው፣ የሰንሰለቱ አጠቃላይ ቅንብር በሁለቱም ስሌት ወደ ግማሽ በግማሽ መቅረቡ ነው። በእኔ እምነት ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ መጠኑን ማወቅ ቅደም ተከተሉን ማወቅ አይደለም። ግማሽ በግማሽ የሆነ ኮፖሊመር ረጃጅም ብሎኮች (አንድ ዓይነት ሞኖመር ብቻ ያለባቸው ክፍሎች) ካሉት ብዙ ጊዜ ሁለት የመስታወት ሽግግር ሙቀቶች (ቁሱ ከመስታወት መሰል ጥንካሬ ወደ ልስላሴ የሚለወጥባቸው ሙቀቶች) ይታዩበታል፤ ሁለቱ ሞኖመሮች ተሰበጣጥረው ከገቡ ግን አንድ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ወደ ዜሮ ሲጠጉ፣ ለምሳሌ በስታይሪንና በማሌይክ አንሃይድራይድ፣ ሞኖመሮቹ ተራ በተራ ይገባሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 1 ከሰጡ ደግሞ ጫፉ ምርጫው ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የጠየቁት ዕድል የሚሠራው ያኔ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ለስታይሪንና ለሜቲል ሜታክሪሌት ይህ ስሌት ቅንብሩን በሚገባ ቢተነብይም የሰንሰለቱን የዕድገት ፍጥነት ግን ይስታል፤ ለዚህም ከመጨረሻው በፊት ያለውን ሞኖመር ጭምር የሚቆጥር ሞዴል ያስፈልጋል።